ጳጳሱ ይዘውት የመጡት ሰው

የመጀመሪያውን ተጠርጣሪዬን የያዝኩት የወተት ጥርሴ ረግፎ ሳያልቅ ነው። ጳጳስ ነበሩ። ዛሬ ሰቆጣ ላይ የፖሊስ መርማሪ ነኝ፤ ሰው ሲዋሽ ከአቀማመጡ አውቃለሁ እያልኩ ባልደረቦቼ ፊት እጎርራለሁ፣ እነሱም ይስቁብኛል። ያኔ ግን ማንም አልሳቀብኝም፤ የጠረጠርኩትን ለማንም አልተናገርኩማ።

ያደግኩት ጋዝጊብላ ውስጥ፣ ከመኪናው መንገድ ወርደው ገደል ገደሉን ሲሄዱ በሚደረስበት መንደር ነው። አባቴ ቄስ ትእዛዙ በመንደራችን ኪዳነ ምሕረት ከሚቀድሱት ሁለት ቄሶች አንዱ ነበር። ሌላው ገበዙ ቄስ ይሄይስ ነበሩ፤ ያኔም አርጅተዋል። በአንድ ቄስ ቅዳሴ ስለማይገባ፣ ከሁለቱ አንዱ ሲታመም ቤተ ክርስቲያኑ ዝም ይላል። አራስ የሆነች ሴት ልጇን ክርስትና ለማስነሳት ወንዝ ተሻግራ ሌላ ደብር ትሄዳለች።

እናቴ እናትነሽ የሞተችው ክረምት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔና አባዬ አንድ መደብ ላይ እንተኛለን። ጀርባውን ያዞርልኝና ጆሮውን ይዤ እተኛለሁ፤ ጆሮውን ካልያዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቤት ውስጥ የምናወራው በኽምጥኛ ነበር። አማርኛው ለገበያና ለእንግዳ ነው፣ ግዕዙ ለመቅደስ።

ውኃ የምትቀዳልን፣ ወጥ የምትሠራልን፣ ጸጉሬን የምትሠራኝ ጎረቤታችን ውዴ ነበረች። ባሏን ፈትታ ከአምደወርቅ የመጣች፣ ልጅ ያልወለደች፣ የእናቴ ጓደኛ ናት። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍናለች፤ አባዬ ፊት ደግሞ ጨርሶ አትስቅም። አንድ ቀን ነጠላዋን አጥባ የኛ አጥር ላይ አሰጣችው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ተያዩ፣ አንዷ «የቄስ አጥር የሴት ልብስ ማድረቂያ ሆነ?» ብላ አለፈች። እኔ ምን እንዳስቆጣት አልገባኝም፤ አጥሩ እንደሆነ አልተሰበረ። ማታውን አባዬ ውዴን ጠርቶ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ነገራት። ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ እሱ ከቤት ሲወጣ ጠብቃ ነው የምትመጣው።

ዛሬ ነገሩ ግልጽ ነው። ቄስ የሚያገባው አንድ ጊዜ ነው። ሚስቱ ብትሞት እንኳ ሌላ ካገባ ቅስናው ይፈርሳል፤ መቅደስ አይገባም፣ መስቀል አያሳልምም። የአባዬ ቅስና ቢፈርስ ኪዳነ ምሕረት ላይ የሚቀሩት ሽማግሌው ቄስ ይሄይስ ብቻ ናቸው፤ ያ ማለት ቅዳሴ የለም ማለት ነው። ስለዚህ መንደሩ በሙሉ የኛን በር ይጠብቅ ነበር። ውዴ ስንት ሰዓት ገባች፣ ስንት ሰዓት ወጣች፣ እንስራዋ ሙሉ ነው ወይስ ባዶ፣ ሁሉም ይታያል። እኔ ያደግኩት እንዲህ ያለ ዓይን መሀል ነው፤ ሙያዬን ከየት እንዳመጣሁት የሚጠይቀኝ ሰው ካለ እንግዲህ ከዚያ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከጎታው ጀርባ ተደብቄ የሽምብራ ቆሎ እየበላሁ ሳለ ቄስ ይሄይስና አጎቴ ቅጣው ገቡ። ቅጣው የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ በሬ እንደሚነዳ ሰው ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ያን ዕለት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለነበር ጠረጠርኩና ቆሎውን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ማኘክ አቆምኩ።

«ሰው አፉን ከፍቷል» አለ ቅጣው። «ወፍጮ ቤት ሄጄ እሱንና እሷን ነው የሚያወሩ። ስገባ ዝም አሉ።»

«እንግዲህ ከሞተ ይገላገላል» አሉ ቄስ ይሄይስ። «እኛም እንገላገላለን።»

«ልጂቱስ?»

«አንተ የለህ? የሞተ ሰው ልጅ ዘመድ ነው የሚያሳድገው።»

«ቁርጡን ነግሮዎታል?»

«ነግሮኛል። ጳጳሱ ዲያቆናት ሊሾሙ ሰቆጣ ይመጣሉ፤ ወደኛም ብቅ ይላሉ አሉ። በሳቸው እጅ ቢሆን ነው የሚወድ። ነጩን ሸማ እኔ አዘጋጃለሁ።»

ቅጣው አፍንጫውን በጋቢው ጠረገ። «ወንድሜ ነው እኮ» አለ። ቄስ ይሄይስም «አውቃለሁ፤ ይሻለዋል» አሉት። ከዚያ ስለ ሰሊጥ ማውራት ጀመሩ። እኔ ቆሎውን ወደ መዳፌ ተፋሁት።

እንዲህ ያለ ቃል ዛሬ በምስክር አፍ ቢቀርብልኝ ከመደምደሜ በፊት የምጠይቀው ብዙ ነው። ያኔ ግን ነጭ ሸማ ለምን እንደሚዘጋጅ ከእናቴ አውቃለሁ። ሰው ሞቶ ሸማ ሲፈለግ አይቻለሁ፤ ሸማው ተዘጋጅቶ ሰውየው በእግሩ ሲሄድ ግን አላየሁም። ገዳዩ ጳጳሱ ናቸው፣ ተባባሪዎቹ አጎቴና ገበዙ ናቸው። ምክንያቱን አላገኘሁትም፤ እሱን በኋላ እደርስበታለሁ አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬን መጠበቅ ያዝኩ። እሱም ለሞት እንደሚሰናዳ ሰው መሆን ጀመረ። የሚበላው አነሰ። ቀዩን በሬ ለቅጣው ሰጠው። የእናቴን ቀሚሶች ጠቅልሎ ወስዶ ለደጀ ሰላም ችግረኞች አከፋፈለ። ጸበል ነው ብለው ቄስ ይሄይስ በቅል የላኩለትን ውኃ ዞር ሲል ጓሮ ደፋሁት፤ ዶሮዎቹ ጠጥተው ምንም አልሆኑም። ይሄ ትንሽ አሳፈረኝ፣ ጥርጣሬዬን ግን አልቀነሰውም።

አንድ ምሽት እሳት ዳር ተቀምጠን «እስከዳር» አለኝ፣ «እኔ ባልኖር ከማን ጋር መኖር ትወጃለሽ? ከቅጣው ጋር ወይስ ከውዴ?»

«ለምን አትኖርም?»

«ምናልባት ነው የምልሽ።»

ቅጣው ከአድማው ውስጥ አለበት። ውዴ ግን ከነሱ ጋር ስታወራ አይቻት አላውቅም። «ከውዴ ጋር» አልኩት። አባዬ እሳቱን በእንጨት ነካ ነካ አደረገ። «ሌላ የለም?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ያ መልስ ምን እንዳስከተለበት የገባኝ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ጳጳሱ የመጡት እህል ገብቶ ካለቀ በኋላ ነው። መኪናቸውን መንገድ ላይ ትተው ቁልቁለቱን በበቅሎ ወረዱ። ሕዝቡ እልልታውን ለቀቀው፤ ዲያቆናቱ ጥላ ይዘው ሮጡ። እኔ ዛፍ ላይ ሆኜ ቆጠርኳቸው። ጳጳሱ ጥቁር ለብሰዋል፣ መነጽር አላቸው፣ እድሜያቸው ከቄስ ይሄይስ ያንሳል። ከኋላቸው አንድ መነኩሴ ይከተላል። ወይባ ቀሚስ የለበሰ፣ ቆቡን እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ በቁመትም በትከሻም ልክ አባዬን የሚያህል ሰው። ይሄኛው ለምን መጣ አልኩ በልቤ።

ለእንግዶቹ በግ ሊታረድ ሲል ቢላዋው ጠፋ። ቅጣው ቤቱን ገለበጠው። «ዛሬ ጠዋት እዚህ ነበር፤ ጅብ በላው?» እያለ ይዞራል። ጅብ አልበላውም፤ ጤፉ ውስጥ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ከጎረቤት ተውሰው በጉን አረዱት። ከዚያ ጳጳሱ ሥጋ እንደማይበሉ ሰማሁ፤ ሽሮ ቀርቦላቸው እሱንም ቀምሰው ተዉት። ቢላዋ ካልፈለጉ በምን ሊገድሉት ነው ብዬ የባሰ ፈራሁ።

ከምሳ በኋላ ጳጳሱ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወይራው ሥር ወንበር ተደረገላቸው። አባዬ እጄን ይዞ አቀረበኝ። ሕዝቡ ተራ ይዞ መስቀላቸውን ይሳለማል። እኔ ከንፈሬን ጥርቅም አድርጌ በግንባሬ ብቻ ነካሁት።

«ስምሽ ማነው ልጄ?»

ፊቴን አዞርኩባቸው።

«ይቺ ልጅ ተቀይማኛለች» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታቸውን ትተው ወደ አባዬ ቀና አሉ። «አሁንም እጠይቅሃለሁ። ከነገ በኋላ መመለስ የለም።»

«አውቃለሁ አባቴ።»

«ይቺን እያየህ ነው አውቃለሁ የምትለኝ?»

አባዬ መሬት መሬት አየ፤ እጄን ግን አጥብቆ ይዞኛል። ነገሩ ቁልጭ አለልኝ። እንቢ ብትል እሷንም እገድላታለሁ እያሉት ነው። አባዬ የሚሞተው ለኔ ሲል ነው። ያን ዕለት ጳጳሱን እንደጠላኋቸው በሕይወቴ ሰው ጠልቼ አላውቅም፤ በሥራዬ ደግሞ ሊጠሉ የሚገባቸውን ብዙ አግኝቻለሁ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ አልተበተነም። ወደ ቤት ሂጂ ተባልኩ፤ በሴቶቹ እግር መሀል ሹልክ ብዬ ተመልሼ ገባሁ። አባዬ ከመጋረጃው ፊት ለፊት መሬት ላይ ተጋድሟል። ቄስ ይሄይስ ነጩን ሸማ ከራሱ እስከ እግሩ ጣሉበት። ጳጳሱ ማንበብ ጀመሩ፣ ካህናቱ ተቀበሉ። ዜማውን ወዲያው አወቅኩት፤ ክረምት ላይ እናቴን ከቤት ሲያወጧት የተባለው ነው።

ሰው ሲመነኩስ የሙት ጸሎት ይነበብለታል። ለዓለም ሞተ ይባላል፤ ከሸማው ሥር የሚነሳው ሌላ ስም ያለው፣ ሚስትም ልጅም ርስትም የሌለው ሰው ነው። ይህን የማያውቅ ጎልማሳ እዚያ አልነበረም፤ ለኔ የነገረኝ ግን አንድም የለም። ሕፃን ምን ይገባታል ብለው ይሆናል፣ ወይም ማን ይንገራት ተባብለው ይሆናል።

በደረቴ ተስቤ አጠገቡ ደረስኩና እጄን ከሸማው ሥር ሰደድኩ። እጁን አገኘሁት። አባዬ ጣቴን ስሰጠው ተኝቶ እንኳ ይጨብጠኛል። ያን ጊዜ አልጨበጠኝም። እጁ እንደ ወለሉ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። ሞቷል፣ ዘገየሁ አልኩ። ጳጳሱ አይተውኝ ንባባቸውን አቋረጡ። ያን ጊዜ ቅጣው ከኋላ መጥቶ ወገቤን ይዞ አነሳኝ። ከሸማው ሥር ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም፣ ማንም አልተናገረም። ጳጳሱ ትንሽ ጠበቁና ማንበባቸውን ቀጠሉ።

ቅጣው ተሸክሞኝ ወጣ። ውዴ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ታለቅሳለች። «ያዢያት» አላት። ለኔም «አባትሽ ለዚህ ዓለም ሞቷል፤ እንግዲህ እንዳታስቸግሪ» አለኝ። ውዴ እያለቀሰች ያዘችኝ። በዓይኔ ያየሁትን በጆሮዬ ሰማሁት፣ የሚያለቅስለትም ተገኘ። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አንድ ሰው ወጣ። ወይባ ቀሚስ ለብሷል፣ ቆብ ደፍቷል። ሕዝቡ እየተጋፋ መስቀሉን ይሳለማል፤ አባ አሥራተ ማርያም ይሉታል። ቅጣው እንኳ ወድቆ ጉልበቱን ሳመ። ቅጣውና አባዬ የሚተራረቡ ወንድማማቾች ናቸው፤ ቅጣው የአባዬን ጉልበት የሚስም ሰው አይደለም። ሰውዬው እኔ ጋ ሲደርስ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርጎ «እግዚአብሔር ያሳድግሽ ልጄ» አለኝ በአማርኛ። በአማርኛ። አባዬ በአማርኛ አነጋግሮኝ አያውቅም።

ፊቱ የአባዬን ፊት ይመስላል፤ ይሄን አልክድም። ግን ጳጳሱ ወደ በቅሏቸው ሲወጡ ያ ቁመተ ሎጋ መነኩሴ ከኋላቸው አልነበረም። ደግሜ አየሁ፣ የለም። ዲያቆናቱ አሉ፣ ጥላ ያዡ አለ፣ መነኩሴው የለም። ታዲያ የት ሄደ? እዚሁ ቀርቷል። አባዬን ገድለው በሱ ቦታ እሱን ተክለዋል። መነኩሴው ጎህ ሲቀድ ቀድሞ ወደ ሰቆጣ እንደሄደ የሰማሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ ቢነግሩኝም ያኔ አላምናቸውም።

እኔ ውዴ ቤት ገባሁ። ሰውዬው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ በተሠራች ጎጆ ገባ። ኪዳነ ምሕረት እንደ ድሮው ትቀደሳለች፤ መንደሩ ተደስቷል። የማይደሰተው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም ምርመራዬን አልተውኩም። መጀመሪያ ግቢውን ዞሬ አዲስ መቃብር ፈለግኩ፤ አጣሁ። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞርኩ። ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቄ በኽምጥኛ ሰላም አልኩት፤ በአማርኛ መለሰ። ጆሮውን ለማየት ብዙ ሞከርኩ፤ ቆቡ ሸፍኖታል። አባዬ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የማረሻ ጠባሳ ነበረው። ምንጩ ዳር እግሩን ሲታጠብ ተደብቄ አየሁ፤ ጠባሳው አለ። እግሩንም ወስዶበታል አልኩ።

አሁን ሳስበው ያ ሁሉ ሙከራ እውነት ፍለጋ ብቻ አልነበረም። በጠረጠርኩት ቁጥር ላየው እሄዳለሁ። ዓይኔን ከሱ ላይ ላለመንቀል ሌላ ሰበብ አልነበረኝም።

ከሁሉ የከበደው ማስረጃ እኔና ውዴ የምንኖርበት ቤት ጉዳይ ነው። ካህናቱ ለጸበል ርጭት ቤት ለቤት ሲዞሩ ሰውዬው የሁሉንም ደጅ ይረግጣል፤ የኛን ብቻ ይዘላል። እኛ ቤት ቄስ ይሄይስ እያነከሱ ይገባሉ፣ እሱ ግን ሽቅብ አልፎ የሚቀጥለው ቤት ጋ ይጠብቃቸዋል። ይፈራኛል አልኩ፤ ቀርቤ ካየሁት እንደማውቅበት ገብቶታል።

የፋሲካው ቅዳሜ፣ ቀዳም ሥዑር፣ ካህናቱ ቃጭል እየመቱ ቄጤማ ሊያድሉ ወጡ። የኛ ተራ እንደደረሰ አጥሩ በር ላይ ወጥቼ መንገዱን ዘግቼ ቆምኩ። ውዴ ከውስጥ «እስከዳር፣ ተይ ግቢ» ትለኛለች፤ አልሰማኋትም። ሰውዬው መጣ። እንደ ልማዱ የቄጤማውን እስር ለቄስ ይሄይስ አቀበለና ሊያልፍ ሲል ቀሚሱን ያዝኩት።

«ለምን አትገባም?» አልኩት። ቄስን እንዲህ በአንተታ የሚናገር ልጅ መንደራችን ውስጥ የለም፤ ዲያቆኑ ቃጭሉን አቆመ።

ሰውዬው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ያኔ በኽምጥኛ «አንተ አባቴ አይደለህም» አልኩት።

በሩ ላይ ውዴ መጥታ ቆማለች። ሰውዬው ቀና ብሎ አያት፤ ወዲያው ዓይኑን መለሰ። ከዚያ እኔን እያየ በአማርኛ «አይደለሁም ልጄ» አለኝ። «አባትሽ ሞቷል። እኔ አባ አሥራተ ማርያም ነኝ።» ቀሚሱን ከእጄ ቀስ ብሎ አላቀቀና ሄደ።

ድል ያደረግኩ መሰለኝ። ተጠርጣሪው በራሱ አፍ አምኗል። ውዴ ቄጤማውን ግንባሬ ላይ ስታስርልኝ ሁለቴ ፈትታ አሰረችው፤ ጾሙ አድክሟት ነው ብዬ አሰብኩ። ማታ ግን ውዴን ጆሮዋን ይዤ ልተኛ ሞክሬ ስላልሆነልኝ አለቀስኩ። እሷም ለምን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም።

ልጅነት ሲያልፍ መነኩሴ ተለወጠ የሚለው ታሪክ አብሮ አለፈ። አባ አሥራተ ማርያም አባቴ እንደሆኑ ያወቅኩበትን ቀን አላስታውሰውም፤ ጥርስ እንደሚበቅል ሳይታወቀኝ አወቅኩ። እንደ ሰው ሁሉ መስቀላቸውን እሳለማለሁ፣ እንደ ሰው ሁሉ «ልጄ» ይሉኛል፤ ስሜን አይጠሩም። ጥርጣሬዬ ግን መልኩን ቀየረ እንጂ አልሞተም። አባቴን የቀሙኝ ጳጳሱና መንደሩ ናቸው፤ ወሬው እንዲቆምላቸው፣ ቅዳሴው እንዳይቀርባቸው ብለው አስገድደው አመነኮሱት። ሰቆጣ ተምሬ ፖሊስ ስሆን ይህንን ይዤ ነው የሄድኩት። የሥራ ልብሴን ለብሼ ለመጀመሪያ ጊዜ መንደር የገባሁ ዕለት ቅጣው ጠላ አቀረበልኝ፤ እኔም ጥያቄዬን አቀረብኩለት።

«አባቴን ያስገደዱት አንቱና ቄስ ይሄይስ ናችሁ ወይስ ጳጳሱ ብቻ?»

ቅጣው ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ መሳቁን ተወ። «እኛማ ደስ ብሎን ነበር፣ አልዋሽሽም» አለ። «ጳጳሱ ናቸው እንቢ ያሉ። ሰቆጣ ድረስ በእግሩ ሄዶ ሲለምናቸው መለሱት። ሚስትህ ብትሞትም ሌላ እስካላገባህ ቄስ ነህ፣ ያለ ቆብም ትቀድሳለህ፣ ሂድ ልጅህን አሳድግ አሉት። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ መለሱት። እዚህ የመጡ ዕለት እንኳ ካንቺ ፊት ጠይቀውታል።»

«ታዲያ ማን አስገደደው?»

ቅጣው በበሩ አሻግሮ ወደ ውዴ ቤት አየ። «ማንም» አለ። «ሰው የሚያወራው ውሸት ነበር፤ በመሀላቸው አንዳች ነገር አልነበረም። እሱ ግን ራሱን ፈራ። እቤቱ እየኖረ፣ እሷ እየገባች እየወጣች፣ ቀኑን ጠብቆ ያገባት ነበር። ያን ለኔ ነግሮኛል። ካገባት ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ይዘጋል። ልጂቱ እሷን ከመረጠች እንኳን ቤቱን ደጁን አልረግጥም አለ፤ እንዳለውም አልረገጠ።»

ጠላውን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ይቺን እያየህ ነው አውቃለሁ የምትለኝ የሚለው ቃል ዘመኑን ሁሉ ጆሮዬ ላይ ነበር። ጳጳሱ ይማጸኑልኝ ነበር። በዚያ መንደር ስለኔ የተሟገተ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነፍሰ ገዳይ ያልኩት ሰው ነው። በሳቸው መናደድ ለምጄ ነበርና እንዲህ ሲሆን ንዴቴን የማደርስበት ጠፋኝ። ውዴን ልጠላት ሞከርኩ፤ አሳድጋኛለች፣ አልተቻለኝም። አባቴን ግን ጠላሁት። ሕዝቡ ሕፃናቱን እንዲያስጠምቅ፣ ሙታኑን እንዲቀብር ብሎ እኔን እንደተወ ይገባኛል፤ ስለገባኝ ንዴቱ አልቀለለኝም። ሰው አስገድዶት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ውዴን ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። የሚጠይቃት ባል ሲመጣ «ልጅ አለችብኝ» እያለች ትመልሳለች። እኔ አድጌ ሰቆጣ ከገባሁ በኋላም ልጅ አለችብኝ ትል ነበር። እሁድ እሁድ ታስቀድሳለች፤ የምትቆመው ግን ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ፣ መቅደሱ የማይታይበት ጥግ ነው። የአባቴ ድምፅ ግን እዚያም እንደሚሰማ አሁን አውቃለሁ።

ባለፈው ኅዳር ታማ ሰቆጣ አምጥቼ አሳከምኳት። ከሐኪሞቹ ጋር መመላለሱ ሲሰለቻት «ቤቴ ውሰጂኝ» አለችኝ፤ ወሰድኳት። የሞተችው ጠዋት ላይ ነው፣ እጇን ይዤው ነበር። ቄስ ይሄይስ ከሞቱ ቆይተዋል፤ በሳቸው ቦታ ወጣት ቄሶች ተሹመዋል። ለግንዘቱ ጸሎት እነሱ ወደ ቤት ሲገቡ ከኋላቸው አባ አሥራተ ማርያም በዱላ እየተደገፉ መጡ። አጥሩ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። ከውስጥ ካህናቱ ማንበብ ጀመሩ። እሳቸው ጎንበስ ብለው ከውጭ ይቀበላሉ፤ የሚነበበውን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ያያቸው ሰው ሽማግሌው መነኩሴ ዳገቱ አድክሟቸው ነው የቆሙት ይላል። ለቅሶውን ትቼ ወጣሁ።

«አባ፣ ይግቡ እንጂ» አልኳቸው። «ፀሐይ ነው፤ ቁጭ ይበሉ።»

«እዚህ ይሻለኛል።»

ለዓመታት የያዝኩት ንዴት እዚያው አጥሩ ሥር አፌ ላይ መጣ። «ከእንግዲህ ምን ይፈራሉ?» አልኳቸው። «ሞታለች እኮ። ማን ያይዎታል ብለው ነው?»

ዱላቸውን ሁለት እጃቸውን አደራርበው ተደገፉት። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብለው አይተውኝ አያውቁም።

«እስከዳር» አሉኝ በኽምጥኛ። «እሷ ሞተች። እኔ ግን ያን ጊዜም አልሞትኩም።»